የትኛው የኖታ ሶፍትዌር? ከሥራ መልስ ዜማ ለሚጽፍ የከተማ ዳር ሰው

ግጥም የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወት ሙዚቃ እየደረሳችሁ ነው እንበል። ኖታውን በኮምፒውተር መጻፍ ፈለጋችሁ። ጉግል ስታደርጉ የስም መዓት ይወርድባችኋል፤ ሚውዝስኮር፣ ሲቤሊየስ፣ ዶሪኮ፣ ፊናሌ፣ ሊሊፖንድ፣ ፍላት፣ ኖትፍላይት። ሁሉም ምርጡ እኔ ነኝ ባይ ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚያነጻጽሩትም ብዙ አይረዱንም። አዲስ ማክ ፊት ቁጭ ብለው፣ ኢንተርኔቱ እንደ ውሃ እየፈሰሰላቸው ነው የሚያወሩት (የእኛን ሰፈር ውሃ ማለቴ አይደለም)።

እኔ የምጽፈው ለሌላ ሰው ነው። ቀን ሥራ ውሎ፣ ማታ ታክሲ ተጋፍቶ አራብሳ ወይ ኮዬ ፈጬ ወይ ጣፎ ቤቱ የሚገባ፣ ራት ከበላ በኋላ ትንሽ ዜማውን የሚነካካ ሰው። ላፕቶፑ ሁለተኛ እጅ ነው። ባትሪው ሞቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዳታ የሚገዛው ቆጥቦ ነው። ከሙዚቃው አምስት ሳንቲም አያገኝም፣ አይጠብቅምም።

መስፈርቱ ይቅደም

ከሁሉም በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የምትጽፉትን ኖታ የሚያነበው ማነው? ኖታ የሚጻፈው ሌላ ሰው እንዲጫወተው ነው። ክላርኔት የሚነፋ ጓደኛ አላችሁ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማር የአክስት ልጅ አላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ፒያኖ እያነበባችሁ ትጫወታላችሁ፤ እሰየው፣ ቀጥሉ። ማንም የማያነበው ከሆነና የምትፈልጉት የሚሰማ ነገር ብቻ ከሆነ ግን የኖታ ሶፍትዌር አያስፈልጋችሁም። ኤፍኤል ስቱዲዮን የመሰለ የቅንብር ፕሮግራም ይሻላችኋል፤ ገንዘብ ከሌለ ኤልኤምኤምኤስ የሚባል ነፃ አለ። ይሄን ሳይለዩ የጀመሩ ሰዎች ናቸው ኖታ አስቸጋሪ ነው እያሉ የሚተዉት።

ሁለተኛው መስፈርት፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ይከፈታል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ላፕቶፑ ይችለዋል ወይ ነው። አራት ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ማሽን ላይ የሚንፏቀቅ ሶፍትዌር፣ የፈለገውን ያህል ምርጥ ቢሆን፣ በሁለተኛው ሳምንት ያስጠላችኋል።

አራተኛው ክፍያ ነው፤ እዚህ ላይ ዋጋው ብቻ አይደለም ችግሩ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ በዶላር የተተመነ ነገር ሁሉ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። በዚያ ላይ የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ያለው ስንቱ ነው? በየወሩ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ አንድ ወር ካርዱ እምቢ ካለ ሥራችሁ ቆሞ ይቀራል።

አምስተኛው ቅኝት ነው። ትዝታ በማንኛውም ሶፍትዌር ያለችግር ይጻፋል። አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ ግን ልዩነት ይመጣል፤ ወደ ኋላ በምሳሌ አሳያለሁ።

የመጨረሻው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሥራችሁን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ ወይ የሚለው ነው። ሙዚክ-ኤክስኤምኤል የሚባል የፋይል ዓይነት አለ፤ አንዱ ሶፍትዌር የጻፈውን ሌላው እንዲያነብ የተሠራ ነው። ይሄን የማያወጣ ፕሮግራም በነፃ ቢሰጧችሁም አትንኩት።

የድምፅ ጥራትን መስፈርት ውስጥ ያልከተትኩት አውቄ ነው። ብዙ ሰው ሶፍትዌር የሚመርጠው ቫዮሊኑ እውነተኛ ይመስላል አይመስልም እያለ ነው። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት ግን አብሯቸው በሚመጣው የድምፅ ስብስብ ውስጥ አታገኙም። ለክራር ናይለን ጊታር ወይ በገና መሰል ሃርፕ፣ ለዋሽንት ፍሉት፣ ለመሰንቆ ቫዮሊን እየተካን ነው የምንሠራው። ምትኩ በጣም ቢያምር ምን ዋጋ አለው?

ሚውዝስኮር

ነፃ ነው። ሙከራ ምናምን አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ነፃና ኮዱም ክፍት ነው። የመሣሪያ ቁጥር ገደብ የለውም። አንዴ ከጫናችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

እዚህ ጋ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። በዚሁ ስም የሚጠራ፣ ሰዎች ኖታ የሚለዋወጡበት ድረ ገጽ አለ፤ እሱ ኖታ ለማውረድ የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል። ሶፍትዌሩ ግን ሌላ ነው፣ አድራሻውም «ኦርግ» ብሎ የሚያበቃው ነው። ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያም ኖታ ለማየትና ለመስማት እንጂ ለመጻፍ አይደለም። «ሚውዝስኮር ካርድ ጠየቀኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የተሳሳተ በር ነው ያንኳኳው።

አራተኛው እትም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወጣ። መልኩ ተለወጠ፣ ከእሱ ጋር ሚውዝ ሳውንድስ የሚባል በጣም ጥሩ የድምፅ ስብስብ መጣ። ድምፁን ለማውረድ ግን ጊጋዎች ይፈልጋል፣ የዳታ ፓኬጃችሁን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። ቢሮ ዋይፋይ ካላችሁና አለቃችሁ ደግ ከሆነ እዚያ አውርዱ። መሣሪያዎቹን እየመረጡ ማውረድ ስለሚቻል ሁሉንም አትጫኑ። ያለዚህም ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው ትንሹ ድምፅ ለሥራ ይበቃል።

ማሽናችሁ ያረጀ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆናችሁ፣ አራተኛውን ተዉትና የሦስተኛውን እትም፣ 3.6.2ን ጫኑ። ቀላል ነው፣ ኖታውንም በደንብ ይጽፋል። አንድ ነገር ብቻ፦ በአራተኛው የተሠራ ፋይል ሦስተኛው ላይ አይከፈትም። ከጓደኛ ጋር ከተለዋወጣችሁ በሙዚክ-ኤክስኤምኤል ይሁን።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። «ኤን»ን ትጫናላችሁ። 5 ቁጥርን ስትጫኑ ኳርተር ኖት ይመረጣል፣ 4 ስምንተኛውን፣ 6 ሃፉን ይሰጣል። ከዚያ የኖታውን ስም በፊደል ትተይባላችሁ። አለቀ። ሚዲ ኪቦርድ (ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የፒያኖ ቁልፍ ሰሌዳ) ካለ ይፈጥናል፤ ከሌለም ግን እጃችሁ በጥቂት ቀን ይለምዳል።

አሁን ወደ ቅኝት። አምባሰልን ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው (ፍላት ኖታዋን በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት ነው)። አራት ፍላት ያለውን ኪ ሲግኔቸር (መስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠውን የምልክት ስብስብ) ብታስቀምጡ ሁለቱ ፍላቶች ይሸፈናሉ። የተቀሩት ሁለት ፍላቶች ያረፉባቸው ቢና ኢ ደግሞ ቅኝቱ ውስጥ የሉም፣ ስለዚህ ገጹ ንጹሕ ይወጣል። አንቺሆዬ ላይ ግን ጉድ አለ። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ ፍላት ለማግኘት አምስት ፍላት ስታስቀምጡ ኤዋም አብራ ፍላት ትሆናለች። በየሚዠሩ ናቹራል ምልክት (ፍላቱን የሚሽረውን) መለጠፍ ይመጣል፣ ገጹ ይዝረከረካል፣ የሚያነበውም ሰው ይሳሳታል። ሚውዝስኮር ላይ የራሳችሁን ኪ ሲግኔቸር መሥራት ትችላላችሁ፤ ማስተር ፓሌት ውስጥ ገብታችሁ ዲ ላይና ጂ ላይ ብቻ ፍላት ጎትታችሁ ታስቀምጡና ትሰይሙታላችሁ። ከዚያ በኋላ አንቺሆዬ ያለ አንድም ተጨማሪ ምልክት ይጻፋል። በነፃ ሶፍትዌር ይሄን ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የመሰንቆ ተጫዋች የሚያደርጋት ትንሽ ዝቅ ወይ ከፍ ያለች ድምፅም ትቻላለች። ኖታዋን መርጣችሁ ከፍታዋን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከያ ሳጥን አለ።

ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ፊደሉ ከተንጋደደ ወይ አራት ማዕዘን ሳጥን ከሆነባችሁ የጽሑፉን ፎንት ወደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይ ኖቶ ቀይሩት። በነገራችን ላይ የቅዱስ ያሬድ የዜማ ምልክቶች፣ እነ ድፋት፣ ይዘት፣ ቅናትና ርክርክ፣ ዩኒኮድ ውስጥ አሉ። ፎንቱ ካለ ከኖታው በላይ እንደ ጽሑፍ ማስገባት ይቻላል። ሶፍትዌሩ ግን አንብቦ አያዜመውም።

ለባትሪ ሟች ላፕቶፕ ደግሞ ማስተካከያው ውስጥ ግቡና በራሱ ሴቭ የሚያደርግበትን ጊዜ ወደ ሁለት ደቂቃ አውርዱት። መብራት ሲሄድ ቢበዛ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው የምታጡት።

ሲቤሊየስ

የባለሙያው ዕቃ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓመታት ጀምሮ ያለ፣ በፊልም ሙዚቃውም በትምህርት ቤቱም የተለመደ። አስተማሪያችሁ በእሱ ከሠራ እሱን መልመድ ስሜት ይሰጣል።

ለእኛ አማተሮች ግን ሁለት ነገር ይከብዳል። አንደኛ ክፍያው በአብዛኛው በአባልነት ነው፣ በወር ወይ በዓመት። ከላይ ያልኩት የካርድ ጣጣ እዚህ ይመጣል። ነፃ የሆነው «ፈርስት» የሚባለው እትም አለ፣ ግን ከአራት መሣሪያ በላይ አይፈቅድም። ለሁለት ዋሽንትና ለፒያኖ ድርሰት በቂ ነው፣ ለባንድ ግን አይበቃም። ሁለተኛ፣ አጻጻፉ የተሠራው በስተቀኝ ያለውን የቁጥር ሰሌዳ እንድትጠቀሙ ነው። አብዛኛው ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ ደግሞ ያ ሰሌዳ የለውም። መፍትሔ አለው፣ አቋራጮቹን መቀየር ይቻላል፣ ወይ ትንሽ የዩኤስቢ ቁጥር ሰሌዳ ትገዛላችሁ፤ ግን ለምን?

ሱቅ ውስጥ በፍላሽ የሚጫነውን ክራክ በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ ነፃና ሕጋዊ አማራጭ ባለበት ዓለም ዜማችሁ የተቀመጠበትን ማሽን ለቫይረስ መክፈት ሞኝነት ነው።

ዶሪኮ

ታሪኩ ደስ ይለኛል። ሲቤሊየስን የሠራው የለንደን ቡድን በ2012 እ.ኤ.አ. ሲበተን ስታይንበርግ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ሰዎቹን ቀጥሮ ከዜሮ አዲስ አሠራቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ለደራሲ የተመቸበት ምክንያት አለው። ዜማውን ካስገባችሁ በኋላ 3/4 ነው ያላችሁትን ወደ 6/8 ብትቀይሩት ኖታዎቹን ራሱ እንደ አዲሱ ምት አሰባስቦ ይጽፋቸዋል። ጭክጭካ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በሦስት የቆጠርነው ነገር ሲጫወት ስድስት ስምንተኛ ሆኖ ይገኛል። መሃል ላይ አንድ ኖታ ስታስገቡም የተቀረው በሥርዓቱ ገፋ ይላል።

ነፃው እትም፣ በአምስተኛው ዶሪኮ፣ እስከ 8 ተጫዋች ይፈቅዳል፤ ለአማተር ይበቃል። ቀጣዩ እትም ወደ 100 ዶላር ነው፣ ሙሉው ከ500 ዶላር በላይ። አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ክፍያ ነው፣ ይሄ ከሲቤሊየስ ይሻለዋል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው። ማውረጃው ትልቅ ነው፣ አካውንት ከፍቶ ማስመዝገብ ይጠይቃል፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይተነፍሳል። የራስን ኪ ሲግኔቸር የመሥራት ነገርም ውዱ እትም ላይ ነው ያለው። ስለዚህ አንቺሆዬ በነፃው ላይ በናቹራል መዝረክረኩ አይቀርለትም።

ሌላ የሚያናድድ ነገር፦ እዚህ ኳርተር ኖት 6 ቁጥር ነው፣ ሚውዝስኮር ላይ 5። በሁለቱም የሚሠራ ሰው ጣቱ ሲምታታበት ይኖራል።

ፊናሌ

አትግቡበት። መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ አንጋፋ ነው። ግን አምራቹ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማሻሻል ማቆሙን አሳወቀ። አሁንም ፍላሽ ላይ ይዞ የሚዞር ሰው አለ፣ «ይሄ ነው የድሮው አሪፉ» ብሎ ይሰጣችኋል። እጃችሁ ላይ በፊናሌ የተጻፈ የቆየ ሥራ ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ በሚከፈትላችሁ ማሽን ላይ እያለ ሁሉንም በሙዚክ-ኤክስኤምኤልና በፒዲኤፍ አውጡት። ፋይል ይዞ መውጣትን ከሁሉ በላይ ያደረግኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜ ልኩን በፊናሌ የሠራ ሰው በአንድ ማስታወቂያ ሌላ ቤት ፈልግ ተብሏል።

ሊሊፖንድ

ይሄኛው የተለየ ፍጡር ነው። አይጥ ይዞ ኖታ መለጠፍ የለም። ዜማውን እንደ ጽሑፍ ትተይቡታላችሁ፣ ሲ ዲ ኢ ጂ ኤ እያላችሁ፣ ርዝመቱን በቁጥር እያስከተላችሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይረዋል። የሚያወጣው ገጽ ድሮ በእጅ ተቀርጾ እንደታተመ ኖታ ያምራል፤ በዚህ ከሁሉም እሱን አስበልጣለሁ።

ነፃ ነው፣ ማውረጃው ትንሽ ነው፣ የደከመ ማሽን ላይም ይሮጣል። የምትጽፉት ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከሃያ ዓመት በኋላም በማንኛውም ኮምፒውተር ይነበባል፣ በቴሌግራም ለራሳችሁ ልካችሁ ማስቀመጥም ትችላላችሁ። ኪ ሲግኔቸሩን እንደፈለጋችሁ ታዙታላችሁ። ወደ ሙዚክ-ኤክስኤምኤል መውጣት ግን ደካማ ጎኑ ነው፤ በዚህ የራሴን ሕግ ያስጥሰኛል፣ ጽሑፉ ራሱ ክፍት ስለሆነ ግን እምረዋለሁ።

ችግሩ እየሰማችሁ አለመጻፋችሁ ነው። ለመስማት ሚዲ የሚባለውን የሙዚቃ ፋይል አውጥታችሁ በሌላ ፕሮግራም ትከፍታላችሁ። ዜማ እየፈለጋችሁ ላላችሁበት ሰዓት አይመችም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይወደዋል፣ ሌላው ሰው ከአንድ ገጽ በኋላ ይሸሸዋል።

ፍላት እና ኖትፍላይት

ብራውዘር ላይ የሚሠሩ ናቸው። ምንም አይጫንም፣ ከየትኛውም ኮምፒውተር ይገባል፣ ሁለት ሰው አብሮ አንድ ድርሰት ላይ መሥራት ይችላል። ነፃው ሂሳብ የምታስቀምጡት ድርሰት ብዛት ላይ ገደብ አለው፤ ኖትፍላይት ላይ 10 ነው። ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ናቸው። ማታ ኔትወርክ አንድ መስመር ብቻ በሚያሳይበት ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን አልመክርም።

እርሳስና ወረቀት

ከዝርዝሩ ማውጣት አልቻልኩም። የኖታ መስመር ያለበት አንድ ገጽ አትማችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ሃያ ሠላሳ አባዙት። መብራት አይፈልግም። ዜማው ታክሲ ውስጥ ከመጣ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አፏጭታችሁ ቅረጹት፣ ማታ ወረቀት ላይ አውርዱት፣ ኮምፒውተር ላይ የምታስገቡት ሲበስል ብቻ። ሶፍትዌር ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ኮፒ-ፔስት ያበዛል፣ ያንኑ አራት ሚዠር ይደጋግማል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ክፍያ | ያለ ኢንተርኔት | አሮጌ ላፕቶፕ | አንቺሆዬን ለመጻፍ | ይዞ መውጣት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሚውዝስኮር 4 | ነፃ | ይሠራል | መካከለኛ | ምቹ | ቀላል |
| ሚውዝስኮር 3.6.2 | ነፃ | ይሠራል | ጥሩ | ምቹ | ቀላል |
| ሲቤሊየስ | በወር ወይ በዓመት፣ ነፃው እስከ 4 መሣሪያ | ይሠራል፣ አባልነቱ ካልተቋረጠ | መካከለኛ | ዘዴ ይፈልጋል | ቀላል |
| ዶሪኮ | ነፃ፣ ወደ 100 ዶላር፣ ከ500 በላይ | ከተመዘገበ በኋላ ይሠራል | ከባድ | ውዱ እትም ላይ ብቻ ምቹ | ቀላል |
| ፊናሌ | ቀርቷል | — | — | — | አሁኑኑ አውጡ |
| ሊሊፖንድ | ነፃ | ይሠራል | በጣም ጥሩ | ምቹ | ጽሑፉ ክፍት፣ ወደ ሌላ ፕሮግራም ከባድ |
| ፍላት፣ ኖትፍላይት | ነፃው ገደብ አለው | አይሠራም | ጥሩ | አይመችም | ቀላል |
| ወረቀት | የፎቶ ኮፒ | እንዴታ | — | እጃችሁ ያውቃል | ቦርሳ ውስጥ |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ገና የሚጀምር፣ ምንም ብር ማውጣት የማይፈልግ ሰው ሚውዝስኮርን ይጫን። ማሽኑ አዲስ ከሆነ አራተኛውን፣ ካረጀ ሦስተኛውን። አስር ሰው ቢጠይቀኝ ለዘጠኙ የምለው ይሄንኑ ነው።

ለባንድ ወይ ለነፋስ መሣሪያ ቡድን የምትጽፉ ከሆነ የመሣሪያ ገደብ የሌለውን ምረጡ፣ መልሱ እንደገና ሚውዝስኮር ነው። ሁሉንም በሚሰማበት ከፍታ ጻፉና ለየመሣሪያው ተጫዋች ወደሚያነበው ኖታ ማዞሩን ለሶፍትዌሩ ተዉለት። ትዝታን በሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ብትጽፉ ለአልቶ ሳክስፎኑ ወረቀት ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ሆኖ ይወጣል። ይሄን በእጅ እሠራለሁ ብሎ ልምምድ ላይ የተዋረደ ብዙ ነው።

ክራርና መሰንቆ ለሚጫወት ሰው የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙዎቹ በጆሮ ነው የሚይዙት። ኖታውን ለራሳችሁ አድርጉና ከሶፍትዌሩ ኤምፒ3 አውጥታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ናይለን ጊታሩ ካስጠላችሁ የጓደኛችሁን ክራር አንድ በአንድ ክር እየመታ ቅረጹና ፖሊፎን በሚባል ነፃ ፕሮግራም የራሳችሁን ሳውንድፎንት (ሶፍትዌሩ የሚያጫውተው የድምፅ ስብስብ ፋይል) ሥሩ። ሚውዝስኮር ይቀበለዋል። አንድ እሑድ ይፈጅ ይሆናል፣ ግን ከዚያ በኋላ የምትሰሙት እውነተኛ ክራር ነው።

ወደ 100 ዶላር የሚሆን ብር ያላችሁና ካርዱም ያላችሁ ሰዎች፣ ዶሪኮን በነፃው ሞክሩት፣ ምቱን የሚያሰባስብበት መንገድ ከማረካችሁ ግዙት። ካልሆነ ግን ያንን ብር ለሶፍትዌር አታውጡት። መጀመሪያ ለላፕቶፑ ባትሪ፣ ከተረፈ ለትንሽ ሚዲ ኪቦርድ አውሉት።

ያሬድ ለመግባት ወይ በሙያው ለመቀጠል ያሰበ ካለ አስተማሪው በየትኛው እንደሚሠራ ይጠይቅና ያንኑ ይልመድ። የሶፍትዌር ጸብ ውስጥ አይግባ። ኮምፒውተር ገና ያልገዛና ለዚህ ብሎ ሁለተኛ እጅ የሚፈልግ ካለ ደግሞ ሚውዝስኮርን በፍላሽ ይዞ ይሂድ። ሱቁ ውስጥ ይጫነው፣ አንድ ድርሰት ይክፈት፣ ቻርጀሩን ይንቀልና ያጫውተው። ዜማው ሳያልቅ ስክሪኑ ከጠፋ ዋጋው ላይ ለመከራከር ምክንያት አገኘ ማለት ነው።